ወንዝ ዳር ለሚሰፍር

«ከተማ» የሚለው ቃላችን ከድንኳን የወጣ ነው። ከተመ ማለት ሰፈረ ማለት ነውና፣ ነገሥታቱ ከነሠራዊታቸው ያረፉበት ቦታ ሁሉ በየዘመኑ ከተማ ተብሏል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መነሻዋ ከእንጦጦ ብርድ ወርዶ ፍል ውሃ አጠገብ ያረፈው የቤተ መንግሥት ሰው ነው። ደጃች ውቤ ሰፈርን የመሰሉ ስሞቻችን መኳንንቱ ከነሰዎቻቸው የሰፈሩበትን ዘመን ያስታውሱናል። በ16ኛው መቶ ዓመት አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የንጉሡን ሰፈር ሥርዓት በዝርዝር ጽፎታል። ድንኳኑ ተነቅሎ ሌላ ሜዳ ላይ ቢተከልም፣ ማን በቀኝ፣ ማን በግራ፣ ማን በፊት እንደሚያርፍ የታወቀ ነበር። ሰፈር መሬት ብቻ አይደለም፤ ሰው ከሰው የሚለይበት ሥርዓትም ነው።

ይህን የቆየ ነገር ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ በምኖርበት በዋሽንግተን አካባቢ፣ ክረምታችን በሚሆንበት በእነርሱ በጋ፣ ባለ መኝታና ባለ ምድጃ መኪና ተከራይተው ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሸናንዶዋ ወንዝ አገር የሚወጡ ወገኖች አሉ። ከመነሣታቸው በፊት የሚጠይቁት ተመሳሳይ ነው። ጥላ አለው ወይ? የመታጠቢያ ውሃው ሙቅ ነው ወይ? ለመኪናው የኤሌክትሪክ መስመር ይገኛል ወይ? ሁሉም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔ ግን አንድ እጨምራለሁ፤ ይህ መሬት ከዚህ በፊት ምን ደርሶበታል?

አሜሪካኖች በመኪና ተጉዞ ሜዳ ላይ ማደርን የለመዱት እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ መኪና በየቤቱ ከገባ በኋላ ነው። በመጀመሪያ መንገደኛው ደስ ባለው ጅረት ዳር ያቆምና ይተኛ ነበር። ገበሬው በአጥሩ መፍረስና በምንጩ መቆሸሽ ሲማረር፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ብዙ ከተሞች መንገደኛው ከሱቃቸው እንዲገዛ ብለው በዳርቻቸው የነፃ ማደሪያ ሜዳ ከፈቱ። ድኻውና ሥራ ፈላጊው በአሮጌ መኪና መምጣት ሲጀምር ግን በነፃው ሜዳ ላይ ክፍያ ተጣለ። የክፍያው አንዱ ዓላማ የማይፈለገውን ሰው ማራቅ ነበር።

ቀጥሎ የተጎዳው ዛፉ ነው። ኤሚልዮ ማይነከ የተባለ የዛፍ በሽታ ሊቅ በካሊፎርኒያ የታላላቆቹን የሬድውድ ዛፎች ሁኔታ መረመረ። ጉዳቱ ከመጥረቢያ ወይም ከእሳት የመጣ አልነበረም። መኪናው እንዳሻው እየገባ አፈሩን ሲደለድለው ሥሩ አየርና ውሃ ያጣል። ለጥላው ተብሎ የተመረጠ ቦታ በተመራጭነቱ ጥላውን ያጣል ማለት ነው። ማይነከ እ.ኤ.አ. በ1932 መፍትሔውን ጻፈ፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር መንገድ፣ ለእያንዳንዱ መኪና አንድ መቆሚያ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ጠረጴዛና ምድጃ፣ መኪናው ከዚያ እንዳያልፍ ትልልቅ ድንጋይ። ከ1933 እስከ 1942 መንግሥት በዱር ሥራ ያሰማራቸው ሥራ አጥ ወጣቶች ብዙ ሰፈር በዚህ ዓይነት ሠሩ። ዛሬ አንድ ቤተሰብ መኪናውን ወደ ተቆጠረለት መቆሚያ ሲያስገባ የማይነከን ሐሳብ እየተከተለ ነው።

ወንዙ ግን በድንጋይ የሚታገድ አይደለም። አማርኛችን ለዚህ ልዩ ቃል አለው፤ ደራሽ ይለዋል። ሌላ ሰው አገር ላይ የዘነበ ዝናብ፣ አንተ በጠራ ሰማይ ሥር ተኝተህ ሳለ የሚደርስብህ ነው። የድሬዳዋ ሰው ይህን ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት፣ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ብቻ የሚታይበት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል።

በአሜሪካ ኮሎራዶ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 31 ቀን 1976፣ የክፍለ ግዛቱ መቶኛ ዓመት ዋዜማ ላይ፣ በቢግ ቶምሰን ሸለቆ ለበዓል የወጡ ብዙ ሰዎች ነበሩ። ከሸለቆው በላይ በአራት ሰዓት ውስጥ 300 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ወረደ፤ 144 ሰዎች ሞቱ። በመኪናቸው ሸለቆውን ይዘው ሊያመልጡ የሞከሩ ብዙዎች ጠፉ። መኪናቸውን ትተው ገደሉን በእግራቸው የወጡ ተረፉ። ከዚያ ወዲህ በኮሎራዶ ሸለቆዎች «ጎርፍ ሲመጣ ወደ ላይ ውጡ» የሚል ምልክት ተተከለ።

በቴክሳስ የጓዳሉፔ ወንዝ ሐምሌ 17 ቀን 1987 ከካምፕ በአውቶቡስ ሲሸሹ የነበሩ 10 ወጣቶችን ወሰደ። ሰፈሮቹ ከወንዙ ዳር አልተነሡም። ሐምሌ 4 ቀን 2025፣ ገና ሳይነጋ፣ ያው ወንዝ በ45 ደቂቃ ውስጥ 8 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የልጆች ካምፕና የተጎታች ቤቶች መቆሚያ ጠረገ፤ የሞቱት ከ100 በላይ ናቸው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለውን የእኛን አባባል እዚያ በየመግቢያው ቢጽፉት ምንኛ ጥሩ ነበር!

ወደ ሸናንዶዋ ልመለስ። ወንዙን ቁልቁል የሚያየው ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1936 ሲመረቅ መሬቱ ባዶ አልነበረም። ወደ 500 የሚጠጉ የተራራ ቤተሰቦች የነበራቸውን ለቀው እንዲወጡ ተደርጓል። በ1939 ደግሞ ልዊስ ማውንቴን የተባለው ሰፈር ለጥቁሮች ብቻ ተብሎ ተከፈተ። አንድ ጥቁር አባት ልጆቹን ይዞ ወደዚህ ፓርክ ሲመጣ ጥላውንና ውሃውን አወዳድሮ የሚመርጥበት ዕድል አልነበረውም፤ ተመርጦለት ነበር። መለያየቱ ጨርሶ የቀረው በ1950 ነው። ሰፈሩ ዛሬም አለ፤ ማንም ገብቶ ያድርበታል። ከአገራችን የሄዱ ልጆች ኳስ ሲጫወቱበት የሚያድሩበት መሬት፣ አያቶቻቸው በዚያ ዘመን ቢመጡ ኖሮ በግድ የሚላኩበት ነበር። ይህን ማወቅ ደስታቸውን የሚቀንስ አይመስለኝም። የማን ትግል እንዳሳረፋቸው ያሳውቃቸዋል።

ስለዚህ ወንዝ ዳር የምትሰፍሩ ሁሉ፣ መኪናውን ከማቆማችሁ በፊት ቀና ብላችሁ ዛፎቹን እዩ። ደረቅ ሣርና ጭራሮ ከራሳችሁ በላይ ቅርንጫፍ ላይ ተሰክቶ ካያችሁ፣ ወንዙ እስከዚያ መጥቶ እንደነበር የጻፈው ነው። ከወንዙ ራቅ፣ ከፍም ያለውን ቦታ ያዙ። በእግር ወደ ላይ የሚያስወጣውን መንገድ ለልጆቹ ገና በብርሃን አሳዩአቸው። ከዚያ እራት ሲበላ፣ እሳቱ ዳር፣ እዚህ መሬት ላይ ማን ይኖር እንደነበረና ማን እንዳይገባ ተከልክሎ እንደነበረ አውጉአቸው።