ጥምር ትምህርት፦ የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብን ከፊል በክፍል፣ ከፊል በኢንተርኔት ማስተማር

ጥምር ትምህርት በእንግሊዝኛ «ሃይብሪድ ለርኒንግ» የሚባለው የማስተማር ስልት ነው። አንድ ኮርስ ከፊሉ ፊት ለፊት፣ ከፊሉ በኢንተርኔት ሲሰጥ፣ አንዱም ያለ ሌላው እንዳይሟላ ሆኖ ሲታቀድ ጥምር ይባላል። መምህሩ ማስታወሻውን በቴሌግራም ስለላከ ኮርሱ ጥምር አይሆንም። የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋበት በ2020 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲዎች በጥድፊያ ያደረጉትም ሙሉ በሙሉ ወደ ርቀት መዛወር እንጂ ማጣመር አልነበረም። በአሜሪካ የኢንተርኔት ትምህርትን ስርጭት ለዓመታት የተከታተሉት ኢሌን አለንና ጄፍ ሲመን በ«ሃይብሪድ» ስም የመደቡት ከይዘቱ ከ30 እስከ 79 በመቶው በኢንተርኔት የሚሰጠውን ኮርስ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ብራያን ቢቲ የጀመረው «ሃይፍሌክስ» ከዚህ ይለያል፤ እዚያ ክፍል መምጣቱን ወይም ከርቀት መከታተሉን የሚመርጠው ተማሪው ራሱ ነው።

ለቃሉ ሦስት አማርኛ ይቀርባሉ። «ድቅል» በግብርናው ዘርፍ ለዘር የተለመደ ነው፤ ግን «ዲቃላ» ከሚለው ስድብ ጋር ሥሩ አንድ በመሆኑ ለትምህርት አይመችም። «ቅይጥ» ከቅይጥ ኢኮኖሚ የታወቀ፣ ያለ ችግር የሚገባ ቃል ነው፤ ሆኖም የሚናገረው መደባለቁን ብቻ ነው። «ጥምር» የተሻለ ይመስላል። በጥምር መንግሥት ውስጥ ፓርቲዎች የየራሳቸውን ማንነት ይዘው ሥራ እንደሚከፋፈሉ፣ በጥምር ትምህርትም ክፍሉና ኢንተርኔቱ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። የሙዚቃ ንድፈ ሐሳብ ይህን ክፍፍል ከብዙ ትምህርቶች አጥርቶ ያሳያል።

ንድፈ ሐሳብ የሚለው ስም ወረቀት ላይ የሚያልቅ ነገር ያስመስለዋል እንጂ ትምህርቱ ሁለት ወገን አለው። አንዱ የጽሑፍ ነው፦ ኖታ፣ ስኬል፣ ኢንተርቫል፣ ኮርድ፣ በአራት ድምፅ ሃርመኒ መጻፍ። ሌላው የጆሮ ነው፦ ኖታን አይቶ ወዲያው መዝፈንና የሰሙትን ዜማ እንደ ቃለ ጽሕፈት ወደ ኖታ ማስፈር።

የጽሑፉ ወገን ለኢንተርኔት ይስማማል። አንደኛ ዓመት የሚገቡ ተማሪዎች ዝግጅታቸው እጅግ የተራራቀ ነው፤ አንዱ ክራር ሲጫወት ያደገ፣ ጆሮው የሰላ፣ ኖታ ግን የማያነብ ሲሆን ሌላው ያነባል እንጂ ያነበበውን በልቡ አይሰማም። ሁለቱን በአንድ ፍጥነት ማስተማር አንዱን ያሰለቻል፣ ሌላውን ያስቀራል። ቪዲዮ ግን ቆሞ ይጠብቃል፣ ይደገማል። ገለጻውን በቪዲዮ አስቀድሞ መስጠትንና የክፍሉን ሰዓት ለልምምድ ማዋልን ያስፋፉት ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርታቸውን ይቀርጹ የነበሩት ሁለት የኮሎራዶ የኬሚስትሪ መምህራን፣ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ ናቸው። ለሙዚቃ ደግሞ «ኦፕን ሚዩዚክ ቲዎሪ» የተባለው ነፃ የመማሪያ መጽሐፍ አለ፤ አዲሱ ቅጂ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ምሳሌዎቹን እያዳመጡ ማንበብ ይቻላል። «ሚዩዝስኮር» የተባለው ነፃ የኖታ መጻፊያ ፕሮግራምም ተማሪው የጻፈውን ወዲያው ያጫውትለታል። ይህ ጥቅሙም አደጋውም ነው። ማሽኑ ስለሚዘፍንለት ተማሪው ሳይሰማ መጻፍ ይለምዳል፤ ስለዚህ ከማጫወቱ በፊት የባሱን መስመር ራሱ ዘፍኖ፣ ቀርጾ እንዲልክ ማስገደድ ተገቢ ነው።

የጆሮው ወገን ሌላ ነው። እዚህ ላይ የሚያግደው የድምፅ መዘግየት ነው። ሦስት ሜትር ተራርቀው የሚዘፍኑ ሁለት ሰዎች ድምፃቸው የሚደርሳቸው በ9 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። መዘግየቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ሲያልፍ አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ፍጥነቱ ይጎተታል፤ በተለመደው የቪዲዮ ስብሰባ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ100 ያልፋል። ፕሮግራሞቹ ለንግግር የተሠሩ በመሆናቸው ረጅም የተያዘን ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ይቆርጡታል፤ በዙም ላይ ዋናውን ድምፅ ሳይነካ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ምርጫ ማብራት ይህን ይቀንሳል፣ መዘግየቱን ግን አያስቀርም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ጃክትሪፕ» መዘግየቱን በእጅጉ ያሳጥራል፤ በሽቦ የሚመጣ አስተማማኝ መስመር ግን ይፈልጋል። ተማሪው ብቻውን ዘፍኖ ቀርጾ መላክ ይችላል፤ አብሮ መዝፈን ግን የክፍሉ ሥራ ነው።

የዶሚናንት ሴቨንዝ ኮርድ ትምህርት ይህን ያሳያል። ተማሪው ቤቱ ሆኖ በዶ ሜጀር ሶል፣ ሲ፣ ሬ፣ ፋ የሚለውን ኮርድ ያያል፤ ሲ ወደ ዶ እንደሚወጣ፣ ፋ ወደ ሚ እንደሚወርድ ይማራል፤ ጥቂት ኮርዶች ጽፎ ከክፍሉ ቀን በፊት ይልካል። መምህሩ ብዙዎች የሳቱበትን ለይቶ ይመጣል፤ ፋን ወደ ሶል ያወጡት ስንት እንደሆኑ ያውቃል። ክፍሉ በአራት ድምፅ ተከፍሎ ኮርዱን ይዞ ይቆያል፤ በፋና በሲ መካከል ያለውን ውጥረት ተማሪው በገዛ ጉሮሮው ይሰማዋል፣ መፍቻውንም አብሮ ይዘፍነዋል። ሕጉ የሚገባው ያኔ ነው።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እንዳለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ላሉ ተቋማት አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። የኖታ ፕሮግራሞች ተለምዶ የሚያጫውቱት ኦክታቩን በ12 እኩል ክፍል በከፈለ ቅኝት ነው። ክራርና ማሲንቆ ግን የሚቃኙት በጆሮ ነው፤ አንቺሆዬን ወይም አምባሰልን የመሰለ ቅኝት ከፕሮግራሙ ብቻ የሰማ ተማሪ የተጠጋጋ ቅርጹን እንጂ ጠባዩን አልሰማም። ቅኝት በተጫዋቾች ቅጂ ቢደመጥ፣ ባለሙያ ባለበትም ቢለማመዱት ይገባል። የዳታ ዋጋና የመብራት መቋረጥ ደግሞ ቪዲዮዎቹ አጫጭርና ስልክ ላይ የሚወርዱ እንዲሆኑ ያስገድዳሉ፤ ለጆሮ ልምምድማ ድምፅ ብቻ ይበቃል።

የአሜሪካ የትምህርት ሚኒስቴር በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥናቶች ግምገማ ጥምሩ ከፊት ለፊቱ ብቻ የተሻለ ውጤት እንዳሳየ ገልጿል። ሆኖም በጥምር የተማሩት ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ሰዓትና ተጨማሪ ማስተማሪያ እንደነበራቸው፣ ብልጫውን ለኢንተርኔቱ መስጠት እንደማይቻል አዘጋጆቹ ራሳቸው አስጠንቅቀዋል። ይህ ማስጠንቀቂያ ከውጤቱ በላይ ይጠቅማል፤ ጥምር ኮርስ ቪዲዮ መቅረጽን፣ በየሳምንቱ የተላከውን ማረምንና ክፍሉን በዚያው መሠረት ማቀድን ይጠይቃል። ይህን የመምህሩን ሰዓት እንደ ሥራ የማይቆጥር የትምህርት ክፍል ጥምር ኮርስ ባይጀምር ይሻላል።