የጠላት ልጅ እንግዳ ሲሆን

«የአባት ዕዳ ለልጅ፣ የአፍንጫ እድፍ ለእጅ» ይባል የለ? ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ይህን ተረት ቢሰሙ «ለእኛ ነው የተተረተው» ማለታቸው አይቀርም። በ1870፣ በ1914 እና በ1939 (ዘመኑን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ሦስት ጊዜ ጦር ተማዘዋል። 70 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መሆኑ ነው። አያት የተዋጋውን አባት ደገመው፤ አባት የደገመውን ልጅ ሠለሰው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ደም እንዴት ደረቀ? ብዙ ጊዜ የሚነሱት ትልልቆቹ ፖለቲከኞች ናቸው። እኔ ግን እስቲ ከአንድ ከንቲባ ልጀምር። ሉሲየን ታራዳን ይባላል፤ ሞንቤልያር የምትባል የፈረንሳይ ከተማ ከንቲባ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ናዚዎችን ሲታገል ተይዞ ቡኸንቫልድ በሚባለው ማጎሪያ ካምፕ ታስሯል። ጀርመንን ለመጥላት ከእሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነው? ይኸው ሰው ግን በ1950 ከተማውን ሉድቪግስቡርግ ከምትባለው የጀርመን ከተማ ጋር አወዳጀ። የሁለቱ አገሮች የመጀመሪያዎቹ እህትማማች ከተሞች እነዚህ ናቸው።

ከ12 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 9 ቀን 1962፣ ፕሬዚዳንት ደጎል እዚያችው ሉድቪግስቡርግ መጡ። ደጎልም የቆሰሉ ሰው ናቸው። በ1916 ቬርደን ላይ ተማርከው፣ የአንደኛው ጦርነት እስኪያልቅ በጀርመን እስር ቤት ከርመዋል። ያን ቀን ግን ለጀርመን ወጣቶች ንግግር ያደረጉት በራሳቸው በወጣቶቹ ቋንቋ፣ በጀርመንኛ ነበር።

ንግግሩ ንግግር ብቻ ሆኖ አልቀረም። ጥር 22 ቀን 1963 ደጎልና የጀርመኑ አደናወር የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 5 ቀን የሁለቱ አገሮች የወጣቶች ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። ወጪውን ሁለቱ መንግሥታት እኩል ይሸፍናሉ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው፦ የፈረንሳዩ ተማሪ ጀርመን ሄዶ በእኩያው ቤት ይቀመጣል፤ በተራው ደግሞ የጀርመኑ ልጅ ይመጣል። እስከ ዛሬ ከ9 ሚሊዮን በላይ ወጣቶች በዚህ መንገድ ተላልከዋል።

«ታዲያ ይሄ ሽርሽር አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። በከፊል እውነት ነው፤ ልጅ ሲጓዝ መጫወቱ አይቀርም። ነገር ግን ጠላት ነው ሲባል ያደገ ልጅ፣ በዚያው «ጠላት» ቤት ታሞ የእኩያው እናት ሾርባ ስታጠጣው ያያል። ጓዳ ገብቶ የሞተውን አያት ፎቶግራፍ ያያል። የእነሱም አያት ከጦር ሜዳ እንዳልተመለሰ ያን ጊዜ ይገባዋል። ይህን የትኛውም ንግግር አያስተምርም።

ፍሬው ከሽርሽር ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ነገር ልጨምር። በ2003 የውሉ 40ኛ ዓመት ሲከበር በርሊን የተሰበሰቡ የሁለቱ አገር ተማሪዎች አንድ ጥያቄ አነሱ። ለሁለታችንም አንድ ዓይነት የታሪክ መማሪያ መጽሐፍ ይጻፍልን አሉ። የመጀመሪያው ቅጽ በ2006 በሁለቱም ቋንቋ ታትሞ ወጣ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ጥያቄው የመጣው ከሚኒስትሮች አይደለም፣ ከልጆች ነው። ልጆቹ የአባቶቻቸውን ዕዳ አልካዱም፤ «ያለፈው አለፈ» ብለውም አላዳፈኑትም። ጎን ለጎን ተቀምጠው እንተሳሰብ ነው ያሉት። ጎረቤት ያለው ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ይመስለኛል፦ የእኔ ልጅ የጎረቤቴን ልጅ የሚያውቀው ከማን አፍ ሰምቶ ነው?