የግል አምቡላንስ ድርጅት ለሚመርጥ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ

በሀገራችን የአምቡላንስ አገልግሎት በአብዛኛው የሚሰጠው በመንግሥት ጤና ተቋማትና በ1927 ዓ.ም በተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። በመሆኑም ከሚኤሶ ወይም ከጭሮ ተነስቶ በግሉ ዘርፍ ለመቀጠር የሚሻ ባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ማማተሩ አይቀርም።

በዘርፉ ቀዳሚ የሆነውን ጠብታ አምቡላንስ እ.ኤ.አ በ2008 የመሠረቱት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የማደንዘዣ ባለሙያ የነበሩት አቶ ክብረት አበበ ሲሆኑ፣ ቤታቸውን ሸጠው በገዟቸው ሦስት አምቡላንሶች ሥራ መጀመራቸው ይታወቃል። የድርጅቱ ገቢ ከሕሙማን ጥሪ ብቻ ሳይሆን ከሥልጠናና ከኩባንያዎች ጋር ከሚገባ ውልም የሚገኝ ነው። ስለሆነም ተቀጣሪው የሚመደበው ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ሩቅ የፕሮጀክት ካምፕ፣ ውሉ ሲያበቃስ ሥራው ይቀጥላል ወይ ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባዋል።

ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚለቅ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥር እንደሚገባ መዘንጋት የለበትም። ለዓመታት ያገለገለ ቢሆንም እንኳ በአዲሱ ድርጅት እስከ 60 የሥራ ቀናት በሙከራ ሊቆይ፣ ለሥራው ብቁ አይደለም ከተባለም ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ48 አይበልጥም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሚሠራ የትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ለጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣሉ።

ከደመወዙ ይልቅ የሌሊቱ ተረኛ ቡድን ብዛት ሊመዘን ይገባል። ከሾፌሩ በቀር ረዳት የሌለው ባለሙያ ኦክስጅን እየሰጠ፣ ደም እያቆመና ቃሬዛ እያነሳ በአንድ ጊዜ ሊሠራ አይችልም።