ንስር ነው ወይስ አሞራ?

ከፒያሳ ተነሥታችሁ፣ የራስ መኮንንን ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ አራት ኪሎ ስትሄዱ፣ ከሥላሴ ካቴድራል በላይ የሚያንዣብቡትን ወፎች አንዳፍታ ቀና ብላችሁ ተመልከቱ። “አሞራ” ትሏቸዋላችሁ እንጂ “ንስር” የሚላቸው የለም። ንስር ለእኛ የስብከት ወፍ ነው፤ በቲሸርታችን ላይ እናሳትመዋለን፣ የኅብረታችን መጠሪያም እናደርገዋለን። በአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ በሥላሴ ሥዕል ዙሪያ ከሚታዩት ከአራቱ እንስሳት አንዱም እርሱ ነው (ራእይ 4፥7)። አሞራ ግን የቄራ ነው።

ስሙ ራሱ ይህን ልዩነት አያውቅም። ንስር ከግዕዝ የወረስነው ቃል ነው። በዕብራይስጥ ነሸር፣ በዐረብኛ ነስር፣ በጥንቱ አካድኛ ነሽሩ ይባላል፤ ሁሉም የአንድ ሥር ቅርንጫፎች ናቸው። ዐረብ ዛሬ ነስር ሲል ጥንብ አንሳውን ማለቱ ነው፤ እኛ ንስር ለምንለው ዑቃብ የሚል ሌላ ስም አለው። ነቢዩ ሚክያስም (1፥16) ስለ ልጆቿ የምታዝነውን መላጣነቷን እንደ ነሸር እንድታሰፋ ይነግራታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የንስር ራስ በላባ የተሸፈነ ነው። መላጣው አሞራ ነው! በዘሌዋውያን 11፥13 ከማይበሉት ወፎች ሁሉ ቀድሞ የተጠራው ነሸር፣ በዘጸአት 19፥4 እግዚአብሔር እስራኤልን በክንፉ እንደ ተሸከመ የተነገረለት ያው ነሸር ነው።

አሁን ማቴዎስ 24፥28ን ግለጡ። ግሪኩ “አኤቶይ”፣ ግዕዙም “አንስርት” ይላል፤ ንስሮች ማለት ነው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በበድን ላይ የሚሰበሰቡትን “አሞራዎች” አላቸው፤ በኢሳይያስ 40፥31 በክንፍ የሚወጣውን ደግሞ “ንስር”። በተርጓሚዎቹ አልፈርድም። በድን ላይ ማን እንደሚሰበሰብ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን የአንዱ ስም ክብር ለንስር፣ ነውሩ ለአሞራ ተከፋፈለ።

ንስር በ40 ዓመቱ ተራራ ወጥቶ ምንቃሩን በዐለት ሰብሮ፣ ላባውን ነቅሎ ይታደሳል የሚለውን ስብከት ሰምታችኋል። እኔም ሰብኬዋለሁ። እውነት ግን አይደለም፤ ምንቃሩን የሰበረ ንስር በረኀብ ይሞታል። ላባው በየጊዜው ጥቂት በጥቂት እየረገፈ በአዲስ ይተካል፤ መዝሙር 103፥5ን ለመረዳት ይህ ይበቃል። የመታደሱ ተረት ራሱ የቆየ ነው። ከግሪክ ወደ ግዕዝ በጥንት ዘመን የተመለሰው ፊሳልጎስ የተባለው የእንስሳት መጽሐፍ፣ ያረጀ ንስር ወደ ፀሐይ በርሮ ክንፉን አቃጥሎ፣ በምንጭ ውኃ ሦስት ጊዜ ተነክሮ ወጣት ይሆናል ይላል።

በ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አገራችንን በጎበኘው ጀርመናዊ በሩፔል ስም የሚጠራ፣ በደጋችን ገደላ ገደል የሚኖር ጥንብ አንሳ አለ። ከዚህ ዝርያ አንዱ በ1973 (እ.ኤ.አ.) በአይቮሪ ኮስት ሰማይ ላይ ከአውሮፕላን ጋር ተጋጨ። ከፍታው ከ11,000 ሜትር በላይ ነበር። ከዚያ በላይ ሲበርር የተመዘገበ ንስር የለም።