በረኛን የሠራው ክልከላ ነው

የበረኛ ታሪክ ሲነሳ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ታላላቆቹ ነው፤ ስለ ሌቭ ያሺን፣ ስለ ጎርደን ባንክስ፣ ስለ ዲኖ ዞፍ። ሙያውን ግን ከማንም ኮከብ በላይ የቀረጸው የጨዋታው ሕግ ነው። የሚገርመው፣ ሕጉ በረኛውን ያሳደገው መብት እየጨመረለት ሳይሆን እየነፈገው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1863 ለንደን ላይ የወጣው የመጀመሪያው የእግር ኳስ ማኅበር ሕግ በረኛ የሚባል ተጫዋች አያውቅም ነበር። በ1871 ለአንድ ሰው ብቻ፣ ጎሉን ለመጠበቅ ሲል ኳስ በእጁ እንዲነካ ተፈቀደለት። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ላይም በረኛ በራሱ የሜዳ አጋማሽ የትም ቦታ እጁን መጠቀም ይችል ነበር። የዌልሱ ሊ ሪችመንድ ሩዝ በዚህ ፈቃድ የታወቀ ነው፤ ኳሷን እያነጠረ እስከ መሐል ሜዳ ይወጣና ከዚያ ወደ ተጋጣሚ ይልካት ነበር።

በ1912 ግን የበረኛ እጅ በፍጹም ቅጣት ምት ክልል ውስጥ ተወሰነ። ከዚያ በኋላ ዋጋ ያገኘው ችሎታ ሌላ ነው፦ የት እንደሚቆም ማወቅ፣ ወጥቶ የጎሉን ማዕዘን ማጥበብ፣ የተሻማ ኳስ በሰው መሐል ተነስቶ መቀማት። ፍጹም ቅጣት ምትም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሐሳቡን ያቀረበው አየርላንዳዊው ዊሊያም ማክረም ራሱ በረኛ ነበር። ቅጣቱ በ1891 ሲጸድቅ በረኛው ከመስመሩ ስድስት ያርድ ድረስ ወጥቶ መጠበቅ ይችል ነበር፤ በ1905 ግን መስመሩ ላይ እንዲቆም ተገደደ። ከዚያ ወዲህ የመቺውን ዓይን፣ ዳሌና የድጋፍ እግር ማንበብ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ።

ትልቁ ክልከላ የመጣው በ1992 ነው። በ1990ው የጣሊያን የዓለም ዋንጫ በ52 ጨዋታዎች 115 ጎል ብቻ ተቆጠረ፤ ተከላካይ ለበረኛ ያቀብላል፣ በረኛ ያነሳል፣ ሰዓቱ ይሄዳል። ስለዚህ ጓደኛው ሆን ብሎ በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በረኛ በእጁ እንዳይነካ ተከለከለ። አጥቂ እየሮጠ ሲመጣበት በእግሩ ተቆጣጥሮ ማቀበል የማይችል በረኛ ለቡድኑ ሸክም ሆነ።

«እግር የሚጠቀሙ በረኞች ከሕጉ በፊትም ነበሩ» የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። የሃንጋሪው ጁላ ግሮሺች በ1950ዎቹ ከክልሉ እየወጣ ኳስ ያጸዳ ነበር፤ ሆላንድም በ1974 ያን ዮንግብሉድን ያሰለፈችው ከተከላካዮቿ ጀርባ ያለውን ክፍት ቦታ እንዲሸፍን ነው። ነገር ግን እነሱ በየአሠልጣኙ ፍልስፍና የበቀሉ ልዩ ሰዎች ነበሩ፤ ልዩነታቸውን የሁሉም በረኛ ግዴታ ያደረገው ሕጉ ነው። «የበረኛ ሥራ ዞሮ ዞሮ ኳስ ማዳን ነው» የሚለው ሙግትም ሚዛን ይደፋል፤ ጎል የሚቆጠርበትን በረኛ ጥሩ ቅብብል አያድነውም። ሆኖም ማዳን ዛሬ የመግቢያ መመዘኛ ነው፤ ትልልቅ ክለቦች በረኛ ሲመርጡ ከዚያ በላይ ይጠይቃሉ።

በ2025 ደግሞ ኳስ በእጁ ከስምንት ሰከንድ በላይ የያዘ በረኛ በማዕዘን ምት እንዲቀጣ ተወሰነ፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን አምስት ሰከንዶች እጁን አንሥቶ ይቆጥራል። ብዙዎች ይህን በበረኛ ላይ የተጨመረ ጫና አድርገው ያዩታል። ያለፈው መቶ ዓመት ምስክር ከሆነ ግን፣ ይህም በሰከንዶች ውስጥ ሜዳውን አይቶ የሚወስን ሌላ ዓይነት በረኛ ይወልዳል።