ነጻው ቻርጅ የማን ነው? የመኪናው ወይስ የባለቤቱ?

እስቲ አስቡት። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ሄዳችሁ ሻጩ «ይሄን ከገዛችሁ ነዳጁ ዕድሜ ልክ በነጻ ነው» ቢላችሁ ታምኑታላችሁ? አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ ያገለገሉ የቴስላ መኪኖች ሲሸጡ ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። «ነዳጁ» ግን ኤሌክትሪክ ነው። እንዴት ሊሆን ቻለ?

ቴስላ ሱፐርቻርጀር ያላቸውን የመጀመሪያዎቹን ስድስት ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች እ.ኤ.አ. በመስከረም 2012 በካሊፎርኒያ ከፈተ። በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ይፈራ ነበር። «ረጅም መንገድ ላይ ባትሪው ቢያልቅብኝስ?» ይላል። ኩባንያው ይህን ፍርሃት ለማጥፋት ጣቢያዎቹን ለሞዴል ኤስ መኪኖች በነጻ አደረገ።

በእርግጥ ነጻ ነበር? አይደለም፤ ቀድሞ የተከፈለ ነበር። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪውን መኪና የሚገዛ ሰው ለዚህ አገልግሎት 2,000 ዶላር ይጨምር ነበር። ለባለ 85ቱ ደግሞ ሂሳቡ ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ ተካቷል። ክፍያው ከመኪናው ጋር ስለነበር መብቱም ከመኪናው ጋር ሄደ፤ መኪናው ሲሸጥ ለአዲሱ ባለቤት ይተላለፍ ነበር።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መኪና የሚሸጠው አንዴ ነው፤ የመብራት ሂሳብ ግን በየወሩ ይመጣል። የመኪኖቹ ቁጥር ሲጨምር ወጪውም አብሮ ይጨምራል። ስለዚህ ኩባንያው ከጥር 15 ቀን 2017 በኋላ ለሚታዘዙ መኪኖች ነጻውን ቻርጅ በዓመት 400 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ገደበው። ይህ ወደ 1,600 ኪሎሜትር ያስኬዳል። ራሳችሁ አካፍሉት፦ ለአንድ ኪሎሜትር ሩብ ኪሎዋት ሰዓት ማለት ነው።

ገደብ የሌለው ነጻ ቻርጅ ከዚያ በኋላም ገዢ ለመሳብ አልፎ አልፎ ተመልሷል። ግን ብዙውን ጊዜ ከመኪናው ጋር ሳይሆን ከመጀመሪያው ገዢ ጋር የታሰረ ነበር። እሱ መኪናውን ሲሸጥ መብቱ ያበቃል። ኩባንያው ራሱ መልሶ ገዝቶ ሲሸጣቸው መብቱን ያነሳባቸው የድሮ መኪኖችም አሉ።

እንግዲህ ሁለት ተመሳሳይ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው አንዱ መብቱ ሊኖረው፣ ሌላው ላይኖረው ይችላል። በዓይን አይታይም፤ በሻንሲ ቁጥሩ የተመዘገበው ኩባንያው ጋ ነው። ሻጩን «ነጻ የሆነው ለመኪናው ነው ወይስ ለእርስዎ?» ብላችሁ ጠይቁት። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊትም መልሱን ከኩባንያው በጽሑፍ እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ አስሉ። ቤታችሁ ቻርጅ የምታደርጉና ረጅም መንገድ የማትሄዱ ከሆነ፣ ለዚህ መብት ብላችሁ ብዙ ብር ብትጨምሩ የምትከፍሉት ለማትጠቀሙበት ነገር ነው።