የአባ ጎርጎርዮስ ተራሮች

የአምበሪቾን 777 ደረጃ ወጥታችሁ ፎቶ የለጠፋችሁ ሁሉ ይቺን አንብቧት። ስለ ተራራና ስለ ደብዳቤ ነች።

በ1649 (እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የሚቀጥሉትም እንደዚያው) ኢዮብ ሉዶልፍ የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሮም ላይ የሐበሻ መነኮሳት የሚኖሩበትን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤት አንኳኳ። ግዕዝ የተማረው ከመጽሐፍ ብቻ ስለነበር ሲያነብላቸው በአነባበቡ ሳቁበት። ከመነኮሳቱ አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ፤ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ ዛሬ ደቡብ ወሎ ከምንለው አገር። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን ሲያባርሩ እሳቸውም ከአገር ወጥተው ቀርተዋል።

ሉዶልፍ አገሩ ሲመለስ መጻጻፍ ጀመሩ። በምን ቋንቋ? በግዕዝ! ጀርመኑና ወሎዬው በግዕዝ "እንደምን ከረምክ" ሲባባሉ አስቡት። በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት አባን ጋበዛቸውና አልፕስን አቋርጠው ሄዱ። ፍሪደንሽታይን በተባለው ቤተ መንግሥት ለጥቂት ወራት ሲጠየቁ፣ ሲመልሱ ቆዩ።

እዚያ አገር ያለው የቱሪንጊያ ተራራ ከፍተኛው ጫፍ 983 ሜትር ነው። (ሆሳዕና ገበያ መሐል የቆመ ሰው ከዚያ ከእጥፍ በላይ ከፍ ብሏል፤ ደረጃ እንኳ ሳይወጣ።) አባ የመጡት ግን አምባ ፈሪት ካለበት፣ 4000 ሜትር ሊሞላ ትንሽ ከቀረው ተራራ አገር ነው። የነገሥታት ልጆች ይጋዙበት የነበረው አምባ ግሸንም እዚያው ምድር ነው። እንዲህ ያለ አገር ያደገ ሰው ተራራ ምን እንደሆነ ለጀርመን ማስረዳት እንዴት ይከብደው ይሆን?

ሉዶልፍ በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ለተራሮቻችን ራሱን የቻለ ምዕራፍ ሰጥቷል። አንዱንም በዓይኑ አላየም። ከኢየሱሳውያን ጽሑፍ ብዙ ወስዷል፤ የቦታ ስሞቹን ያቃኑለት ግን አባ ናቸው። በ1683 ያወጣው ካርታ ላይ የኛው ከምባታም አለች። እሷን ለፈረንጅ ያስተዋወቃት፣ በ1613 ከፊታውራሪ ሳይሆን ከአፄ ሱስንዮስ መልእክተኛ ፈቁር እግዚእ ጋር በዚህ በኩል ወደ ማሊንዲ ሊሻገር ሞክሮ አላባ ላይ የተመለሰው አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ነው። ያኔ የከምባታ ገዢ ሐመልማል ይባል ነበር። ይሄ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል፣ ሌላ ቀን።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ሉዶልፍን "የኢትዮጵያ ጥናት አባት" እንላለን። አባ ጎርጎርዮስስ? "መረጃ ሰጪ"! በ1698 የወጣው የመጀመሪያው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ላይ ያለው አማርኛ ከማን አፍ የወጣ ነው? ለኔ ሁለቱም ደራሲዎች ናቸው። ተማሪዎቼ ጄምስ ብሩስን ያውቁታል፣ አባን የሚያውቅ ግን እስካሁን አላገኘሁም።

አባ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ጉዞ ላይ ሳሉ እስክንድሮና አጠገብ መርከባቸው ሰጥማ ሞቱ። መካነ ሥላሴን ደግመው አላዩም። ሉዶልፍ በ1691 የታሪኩን ማብራሪያ ሲያሳትም፣ ከሞቱ 33 ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ የወዳጁን መልክ አስቀርጾ መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ዛሬ የአባን ፊት የምናውቀው በዚያ ሥዕል ነው።